ከማሽኑ የሚበልጥ ብረት ሲመጣ፦ የቤት ማሽን ሾፕን ለትልልቅ ሥራ ማዘጋጀት

ቤቱ ውስጥ ቶርኖ (ብረቱን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) እና ፍሬዛ (መቁረጫውን እያዞረ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ያቆመ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ይገጥመዋል። ማሽኑ የሚችለው ሥራ ይመጣና ክፍሉ አይችለውም። ዘንጉ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። የሚፈለገው ጫፉ ላይ ትንሽ የብሎን ጥርስ ማውጣት ብቻ ነው። ለቶርኖው ይህ ቀላል ነው። የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ግን ግድግዳ ይመታል። ወይም ሰፊ ላሜራ ይመጣና የፍሬዛው ጠረጴዛ መሄድ ሲጀምር ከመደርደሪያው ጋር ይላተማል።

በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ትልቅ ማሽን ነው። ትልቅ ማሽን አይጠላም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የማሽን አቅም ሳይሆን መንገድ ነው። ማሽን የሚይዘው ቦታ እግሩ ያረፈበት ብቻ አይደለም። ብረቱ የሚገባበት፣ የሚንቀሳቀስበትና የሚወጣበት መስመርም የእሱ ነው። ይህን መስመር ነጻ ያደረገ ሰው በትንሽ ማሽን የሚገርም ሥራ ይሠራል።

ቦታ ከመለካት በፊት ግን ክብደት መታወቅ አለበት። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.85 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለክብ ዘንግ አቋራጭ ሒሳብ አለ። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት። ውጤቱን እንደገና በ0.00617 አባዙት። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣላችኋል። በዚህ ስሌት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ዘንግ በሜትር 15.4 ኪሎ ነው። ስድስት ሜትሩ 92 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ደግሞ 78.5 ኪሎ ነው። ይህን ለብቻ አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ የሚል ሰው ወገቡን አይወድም። ሥራው ሁለት ሰው የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ለሁለተኛውም መቆሚያ ቦታ መኖር አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መስመሩን መፈለግ

ከቶርኖ እንጀምር። የቶርኖ ስፒንድል፣ ማለትም ብረቱን የሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ መሐሉ ክፍት ነው። ከቀዳዳው የሚቀጥን ዘንግ በሄድስቶኩ (ስፒንድሉን በያዘው የማሽኑ የግራ ክፍል) ውስጥ አልፎ በስተኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የዘንግ ርዝመት ገደብ የሚወሰነው በቶርኖው ርዝመት ሳይሆን ከሄድስቶኩ በስተግራ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ቶርኖውን ግራ ጎኑን ከግድግዳ አስጠግቶ ያቆመ ሰው ይህን ዕድል በገዛ እጁ ዘግቶታል። መፍትሔው የስፒንድሉን መስመር በበር ወይም በመስኮት ትክክል ማድረግ ነው። በሩ ሲከፈት ዘንጉ ወደ ውጭ ይወጣል። በር በዚያ በኩል ከሌለ ግድግዳው ላይ በስፒንድሉ ከፍታ ክዳን ያለው ቀዳዳ የሚያወጡ አሉ። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ወይም የውኃ መስመር እንደሌለ ካረጋገጣችሁ ይህ ሞኝነት አይደለም።

የክፍሉ ጎኖች ሁሉ አጭር ከሆኑ ደግሞ ማሽኑን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አሰልፉት። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ አምስት ሜትር አለው። ሲያዩት ያስጠላል፣ ከጀርባው የሚባክን ቦታም ይፈጥራል። ግን ያ ቦታ መደርደሪያ ይወጣዋል።

ፍሬዛ ሌላ ጠባይ አለው። ጠረጴዛው ራሱ ይሄዳል። የአንድ ሜትር ጠረጴዛ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ማሽኑ ባዶውን እንኳ 1.6 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። ሜትር ተኩል የሆነ ሥራ (የሚቆረጠው ብረት) መሐሉ ላይ ከታሰረ 2.1 ሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ፍሬዛውን ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ ጥግ ውስጥ ያስገባዋል። ምሰሶው ጥጉን ስለሚሞላው ቆንጆ ይመስላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማሽኑ በ45 ዲግሪ ጥግ ላይ ሲቆም በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ስፋት ጠረጴዛው ከጥጉ ያለው ርቀት እጥፍ ነው። ጠረጴዛው ከጥጉ 1.2 ሜትር ከራቀ ስፋቱ 2.4 ሜትር ብቻ ነው። ሥራው ራሱ ወርድ ስላለው ወደ ጥጉ የሚጠጋው ጠርዙ ከዚህም ያነሰ ቦታ ያገኛል። ለትናንሽ ሥራ ጥግ ጥሩ ነው። ረጅም ብረት ለሚያዘወትር ሰው ግን ማሽኑ ረጅሙን ግድግዳ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቢቆም እመርጣለሁ። ግራና ቀኙ ክፍት ይሆናል።

የመጋዙ ቦታ የሚወሰነው በሁለት ርዝመት ነው፤ በሚገባው ብረትና ተቆርጦ በሚወጣው። ስለዚህ መጋዝን ከግድግዳ ጫፍ ጋር አታጣብቁት። ወደ በሩ አቅርቡት። ረጅሙ ዘንግ መጀመሪያ የሚደርሰው መጋዝ ጋ ነው። እዚያው ካጠረ ሌላው ማሽን ሁሉ ይገላገላል። እንዲያውም ስድስት ሜትር የሆነን ዘንግ ወደ ውስጥ ማስገባት የለባችሁም። ውጭ ይቆረጥ።

ከፍታም መስመር ነው። ዘንጉ ከቶርኖው ወጥቶ በሥራ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ጠረጴዛው ከስፒንድሉ ዝቅ ማለት አለበት። በላዩ ላይ የተተከለ ሞርሳ ካለም በቀላሉ የሚነሳ ይሁን። በተቃራኒው የመጋዙ ማረፊያና የሥራ ጠረጴዛው እኩል ቢሆኑ ጠረጴዛው ራሱ ለረጅም ብረት ደጋፊ ይሆናል። አንድ ቀን ወስዶ እግር መቁረጥ ወይም መቀጠል ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ጎማ ላይ ማቆምስ? ለመጋዝ፣ ለግራይንደር፣ ለሥራ ጠረጴዛ እሰየው። ጎማው መቆለፊያ ይኑረው እንጂ። ለቋሚ ትራፓኖ (መሬት ላይ ለሚቆም መብሻ ማሽን) ጠንቀቅ በሉ። ክብደቱ ሁሉ ከላይ በኩል ነው፤ እግሩ ጠባብ ከሆነ ሲገፋ ይገለበጣል። ለቶርኖ ግን አይሆንም። የቶርኖ ቤድ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚያርፉበት ረጅም አካል) ትንሽ ከተጠማዘዘ ሲሊንደር ሳይሆን ሾጣጣ ነገር ነው የሚያወጣው። በልክ ከተስተካከለ በኋላ ባለበት ይቀመጥ።

በስተኋላ የሚወጣው ዘንግ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነውና።

12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ቸኩ (ስፒንድሉ ላይ ያለው ጨብጦ መያዣ) ላይ ታስሯል። ከሄድስቶኩ ጀርባ አንድ ሜትር ያህል ያለ ድጋፍ ወጥቷል። ማሽኑ ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም የለም። ፍጥነቱ ሲጨመር ጫፉ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ በቅጽበት ዘንጉ ይታጠፍና ማሽኑን፣ ግድግዳውን፣ ያገኘውን ሁሉ መግረፍ ይጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ ዘንግ የለም። ያቺ ትንሽ ጉብጠት ሲዞር ወደ ውጭ ትጎተታለች። የሚጎትተው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ዘንጉ ይበልጥ ሲጎብጥ ደግሞ ኃይሉም አብሮ ያድጋል። የሆነ ቦታ ላይ የብረቱ ጥንካሬ ይሸነፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እጅ ማጥፊያው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው።

ስለዚህ ከቻላችሁ መጀመሪያ ቁረጡት። ቁራጭ ይባክናል ብሎ ሦስት ሜትር ማሽከርከር የተሳሳተ ቁጠባ ነው። መቆረጥ የማይችል ከሆነ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው በስፒንድሉ የኋላ አፍ ላይ የሚገባና ዘንጉን መሐል ላይ የሚይዝ ቡሽንግ ነው፤ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት ተቦርቡሮ ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው መሬት ላይ የቆመ ደጋፊ ነው። ደጋፊው ላይ ከዘንጉ ትንሽ የሚሰፋ ቱቦ ይታሰራል፤ ዘንጉ በውስጡ ይዞራል። ደጋፊው ከባድ ይሁን፤ ወይም ከወለሉ ጋር ይታሰር። በእነዚህም ላይ ዝቅተኛ ፍጥነት ይጨመርበታል። ለቀጭን ዘንግ አንድ ደጋፊ አይበቃም፤ ጫፉ ብቻ ተይዞ መሐሉ ሊጎብጥ ይችላል።

ዘንጉ በበሩ ከወጣ ደግሞ በሩ የማሽኑ አካል ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚሽከረከር ብረት ላይ እንዳይወድቅ መንገዱ ቀድሞ መዘጋት አለበት። አንድ አግዳሚ ወንበር በቂ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ግን አግዳሚ አያስቆምም፤ ሰው ይቁም።

ከቸኩ ፊት ለፊት ያለው ረጅም ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሚያስቸግረው ለልክ ነው። ያለ ድጋፍ የወጣ ብረት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በተመሳሳይ ግፊት የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። ከዲያሜትሩ ሦስትና አራት እጥፍ በላይ ከወጣ ቴልስቶክ (በቀኝ በኩል የሥራውን ጫፍ የሚደግፈው ክፍል) ይደግፈው። ከዲያሜትሩ አሥር እጥፍ ካለፈ ደግሞ ስቴዲ ረስት (ቤዱ ላይ ታስሮ የሚዞረውን ሥራ መሐሉ ላይ የሚይዝ ደጋፊ) ማሰብ ነው። ሌላም አለ። በሁለት ጫፍ ታስሮ የሚሠራ ዘንግ ሲሞቅ ይረዝማል፣ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ስለዚህ በየመሐሉ ቴልስቶኩን ላላ አድርጎ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ሰፊ ክብ ሥራ

እዚህ የሚያስቸግረው ርዝመት ሳይሆን ፍጥነት ነው። ከሃይ ስፒድ ብረት በተሠራ መቁረጫ ሲቆረጥ ለተራ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ያህል የገጽ ፍጥነት (የሥራው ገጽ በመቁረጫው ላይ የሚያልፍበት ፍጥነት) የተለመደ ነው። 400 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላለው ሥራ ይህ በደቂቃ 20 ዙር ገደማ ማለት ነው። ብዙ ትናንሽ ቶርኖዎች ይህን ያህል ቀርፋፋ መሆን አይችሉም። ሥራው ቸኩ ላይ ቢገባም ማሽኑ ቶሎ ቶሎ እየዞረ የመቁረጫውን ጫፍ ያቃጥለዋል። የሞተሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ መቀነስ የተወሰነ ይረዳል። ግን ሞተሩ ሲዘገይ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣ ፋኑም ይዳከማል። በጥርሳም ጎማ (ጊር) ወይም በቀበቶና በፑሊ የሚቀነስ ፍጥነት ይሻላል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራልና።

ቤዱ ላይ የሚነሳ ክፍል ያለው ቶርኖ ካላችሁ ሰፋ ያለ ነገር ሊገባ ይችላል። ካልሆነ ግን ሥራውን ከማዞር መቁረጫውን ማዞር ይቀላል። ቶርኖ ላይ የሚሠራ የቆየ ዘዴ አለ። ሥራው ቸኩ ላይ ሳይሆን መቁረጫውን በሚሸከመው ሰረገላ ላይ ይታሰራል። በሁለቱ ጫፍ መሐል ደግሞ መቁረጫ የተሰካበት ወፍራም ዘንግ ይዞራል። ሰረገላው ሥራውን እየገፋ ወደ ዘንጉ ይወስደዋል። ቸኩ ላይ ፈጽሞ የማይዞር ግዙፍ አካል ውስጥ በዚህ ዘዴ ጥሩ ቀዳዳ ይወጣል።

ፍሬዛ ላይ የማይበቃ ርዝመት

የጠረጴዛው ጉዞ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሥራው ሜትር ከ20 ቢሆን ግማሹ ተሠርቶ፣ ብረቱ ተገፍቶ፣ ሌላው ግማሽ ይቀጥላል። ጥያቄው ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ጋር ቀጥ ብሎ መገናኘቱ ነው። ዓይን ይህን አይለይም።

በጠረጴዛው ቲ-ስሎት (ማሰሪያ ብሎን የሚገባበት ቦይ) ውስጥ ልክ የሚገባ ቁልፍ፣ ማለትም የብረት ቁራጭ፣ ይሠራል። ከላዩ ላይ የሚወጣው ክፍል ለሥራው ጠርዝ መደገፊያ ይሆናል። የሥራው ጠርዝ አስቀድሞ የተስተካከለ ከሆነ በተገፋ ቁጥር ያንኑ መስመር ይይዛል። ርቀቱን ደግሞ በፒን ያዙት። በመጀመሪያው እሥር ላይ ሳላችሁ ሁለት ቀዳዳ በሪመር (የተበሳን ቀዳዳ በልኩ በሚያጠራ መሣሪያ) ጠራርጋችሁ አውጡ፤ አንዱ ከጉዞው ጫፍ አጠገብ ይሁን። ብረቱን ከገፋችሁ በኋላ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ፒን አስገብታችሁ መሐሉን በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) ፈልጉ። ያ አዲሱ ዜሮአችሁ ነው። በመጨረሻ ዳያል ጌጁን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኪዱት። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ መቁረጥ ነው። ከተንቀሳቀሰ ክላምፑን (ሥራውን የያዘውን ማሰሪያ) ትንሽ አላልቶ በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ ማድረግ። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው።

ከጠረጴዛው ውጭ የተንጠለጠለው ክፍል ድጋፍ ይፈልጋል። እዚህ ብዙ ሰው መሬት ላይ የቆመ ደጋፊ ያስገባል። ግን ጠረጴዛው ይሄዳል፣ ደጋፊው አይሄድም። ባለ ሮለር ካልሆነ ሥራውን ይጎትታል። ባለ ሮለርም ሆኖ ከፍታው በጥቂቱ ከበለጠ ብረቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። የተሻለው ጠረጴዛው ላይ ጠንካራ ብረት አስሮ፣ በዚያ ላይ ባለ ብሎን ትንሽ ክሪክ ማቆም ነው። ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የዚህ ሁሉ ክብደት ግን ጠረጴዛው ከሚችለው እንዳያልፍ።

ክሪኩን ስታነሱ ዳያል ጌጁን ከክሪኩ በላይ ሥራው ላይ አሳርፉት። ብሎኑን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። መርፌው ገና ሊንቀሳቀስ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ ካነሳችሁት ብረቱን እያጎበጣችሁት ነው። በጎበጠበት ከተቆረጠ ሲፈታ ይመለሳል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠውም ገጽ ይጎብጣል።

ረጅም ሥራ በሁለት ነጥብ ላይ ብቻ የሚያርፍ ከሆነ ጫፉ ላይ አይረፍ። ከየጫፉ የርዝመቱን 21 በመቶ ወደ ውስጥ ገባ በሉ። ረጅም የመለኪያ ዘንጎችን የሚያስቀምጡ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቦታ እዚያ አካባቢ ነው፤ በራሱ ክብደት መርገቡ በጣም ይቀንሳል።

ማሽኑ ወደ ብረቱ ሲሄድ

አንዳንድ ሥራ ወደ ማሽኑ ጨርሶ አይመጣም። ፍሬማው ተበይዷል፣ 300 ኪሎ ነው፣ የሚፈለገው አራት ቀዳዳ ነው። እዚህ ትክክለኛው መሣሪያ ባለ ማግኔት ትራፓኖ ነው። ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቆማል፤ ሥራው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ማግኔቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይለቃል። ስለዚህ የደኅንነት ሰንሰለቱን ማሰር ግዴታ ነው፤ በተለይ ጎን ላይ ወይም ወደ ላይ ሲበሳ። ስስ ላሜራ ላይም ማግኔቱ በደንብ አይዝም።

የፍሬዛችሁ ራስ፣ መቁረጫውን የያዘው የላይኛው ክፍል፣ የሚዞርና የሚሳብ ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛውን ረስታችሁ በጎኑ መሥራት ትችላላችሁ። ረጅም ቱቦ ከማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ ቆሞ ጫፉ ሊበሳ ይችላል። ያ ራስ ወደ ጎን ሲወጣ ግን ማሽኑ የመዛነፍ ዝንባሌ ይኖረዋል። ከወለሉ ጋር በብሎን ያልታሰረ ፍሬዛ ላይ ይህን አትሞክሩ።

ማንሻ

ለሞተር ማውረጃ የሚሸጠው ባለ እጅ ክሬን ብዙ ቤት አለ። ላዩ ላይ ሁለት ቶን ተጽፎ ታያላችሁ። ያ ቁጥር ክንዱ አጥሮ ሲቆም ነው። ክንዱ እስከ ጫፉ ሲሳብ አቅሙ ወደ ሩቡ ሊወርድ ይችላል። ቶርኖ ላይ ከባድ ቸክ ለማውጣት ደግሞ ክንዱ መሳብ አለበት፤ እግሮቹ ከማሽኑ መቀመጫ ጋር ይጋጫሉና። ስለዚህ የማሽኑ እግር ሥር የክሬኑ እግር የሚገባበት ክፍተት አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ፓራንኮ (በሰንሰለት ከባድ ዕቃ የሚያነሳ ማንሻ) ጣሪያ ላይ ማንጠልጠል ደስ ይላል። ግን የቤት ጣሪያ የሚሠራው ጣሪያን ለመሸከም ነው። ከወለል የሚነሱ የራሱ ምሰሶዎች ያሉት አግዳሚ ብረት ይሻላል። በሁለት ገመድ ስታነሱም ገመዶቹን በጣም አትዘርጉ። ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ገመድ ሙሉውን ክብደት ይሸከማል፤ ግማሹን አይደለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከፍ ዝቅ የሚል ባለ ጎማ ጠረጴዛ ነው። ከፍሬዛው ጠረጴዛ ጋር እኩል ታደርጉትና ብረቱን ትገፉታላችሁ፤ ማንሳት የለም። ከባድ ቸክ ስትለውጡም ቤዱ ላይ የሚቀመጥ የእንጨት አልጋ አዘጋጁ። ጣትም ቤዱም ይተርፋሉ።

ልክና ሙቀት

ትልቅ ሥራ ላይ ሙቀት ቀልድ አይደለም። አንድ ሜትር ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሜትር ተኩል የሆነ ሥራ ሲቆረጥ 20 ዲግሪ ቢሞቅ 0.36 ሚሊ ሜትር ረዝሞ ነው የምትለኩት። ሲቀዘቅዝ ልኩ ያንሳል። የዓለም አቀፍ ልኬት ማጣቀሻ ሙቀት 20 ዲግሪ የሆነው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያን ማሟላት ባይቻልም ሥራውን አሳድሮ መለካት ይቻላል። በር ተከፍቶ ፀሐይ አንድ ጎኑን የሚመታው ከሆነም ሥራው ይጠማዘዛል፤ መስመራችሁ በበር የሚያልፍ ከሆነ የፀሐዩን ሰዓት እወቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤት የማይሠራ ሥራ አለ። ሁለት ሜትር ላሜራን ከዳር እስከ ዳር በመቶኛ ሚሊ ሜትር ደረጃ ማደላደል ከእነዚህ አንዱ ነው። እሱን ለትልቅ ሾፕ ስጡ። ግን ሙሉውን አትስጡ። ገጹን እንዲያደላድሉ፣ አንድ ረጅም ጠርዝ ቀጥ እንዲያደርጉና በሪመር የጠራ ሁለት ቀዳዳ እንዲያወጡ ጠይቁ። ጠርዙ በቁልፉ ላይ ይደገፋል፣ ቀዳዳዎቹ ፒን ይቀበላሉ። ቀሪውን ቀዳዳና ጥርስ ሁሉ በትንሿ ፍሬዛችሁ ላይ እየገፋችሁ ትጨርሱታላችሁ።